ከአልጋዬ ሥር ያለው ቦታ

በደሉን አስቀድሜ ልናገር። በገዛ እጄ አፍርሼ መልሼ የሠራሁትን፣ ያሰፋሁትንና ያደረቅሁትን የአልጋዬን ሥር ልጄና ሚስቱ ሳይጠይቁኝ በዘይትና በስኳር ሞሉት። የስፌት መኪናዬንም አውጥተው ደጅ አኖሯት። ሰረቁኝ አልልም፤ ልጄ ሌባ አይደለም። አልጠየቁኝም ነው የምለው። የሰማ ሁሉ «እናት አይደለሽ? እለፊው» አለኝ። እኔ አላለፍኩትም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ይህን ለመጻፍ ይበቃኛል።

ነገሩ የሆነው በወረርሽኙ ጊዜ፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ ነው። ልጄ ከከተማው ወጣ ባለ፣ ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ስፓዛ አለው። ስፓዛ የሚሉት ከሰው ቤት ጋራዥ ተከፍሎ የሚሠራውን ትንሽ ሱቅ ነው፤ ዳቦ፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ ይሸጥበታል። ሰው ከቤቱ አይውጣ በተባለ ጊዜ ሱቁ ተዘጋ፤ እኛም ሜይፌር ሰፈር የተከራየነውን ክፍል ለቀቅን። መግቢያ ስናጣ ፎርድስበርግ መጋዘን ያለው አንድ የአገራችን ነጋዴ በግቢው የቆመ ካራቫን ሰጠን። ካራቫን በመኪና የሚጎተት ቤት ነው። ነጋዴው ድሮ ራቅ ወዳሉ ከተሞች ዕቃ ሲያዞር ያድርበት ነበር፤ አሁን ጎማው ተንፍሶ በጡብ ላይ ተቀምጧል። «ኪራይ አልቀበልም፤ ግቢዬን ጠብቁልኝ» አለን። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኛ ጴንጤዎች ነን። የገዛ ወገኖቻችን ስልክ ባላነሱበት ሰሞን በሩን የከፈተልን እሱ ነው።

እኔ፣ ልጄ፣ ሚስቱና ትንሿ የልጅ ልጄ ገባን። እጄን ግራና ቀኝ ስዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ እነካለሁ። ከፊት ያለው ጠረጴዛ ማታ ዝቅ ይልና የባልና የሚስቱ አልጋ ይሆናል። ከኋላ ያለው የማይታጠፍ አልጋ ለእኔና ለልጅቷ ሆነ። ቀን ቀን አልጋዬ ሶፋ ነው፤ ከምራቴ በቀር ሁሉም ይቀመጥበታል። በእኛ አገር፣ ከሆሳዕና ወዲያ ባለው ገጠር፣ ምራት በአማቷ አልጋ ላይ አትቀመጥም።

«ኧረ ተቀመጪ፤ እስከ መቼ ትቆሚያለሽ?» እላታለሁ።

«ተዉኝ እማማ፣ እንዴት ተደርጎ!» ትልና የዳቦ ሳጥን ገልብጣ እሱ ላይ ትቀመጣለች።

ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

የአልጋው ሥር ሲያዩት ሰፊ ነው፤ ግን አይረባም ነበር። ከላይ የተነጠፈው ኮምፔርሳቶ አንድ ወጥ ስለሆነ ለመክፈት ፍራሹን በሙሉ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ማውረጃ ቦታ ደግሞ የለም። ውስጡን አንድ የማይሠራ የውሃ ታንከር ይዞታል። ከመሃል ጎማውን የሸፈነው ጉብታ ወጥቷል። ብርዱ ሲገባ የአራታችን ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ እየነካ ውሃ ይሆናል፤ ከሥር ያስገባነው ልብስ ሁሉ ሻገተ። በካራቫኑ ጎን፣ ከደጅ ወደዚሁ ቦታ የምታስገባ ትንሽ በርም አለች፤ እሷም ዝጋ አልከፈት ብላ ነበር።

ልጄ መሃል ቤት የተቀመጠችውን የስፌት መኪናዬን አየና፣ «እማ፣ ይቺን ለሰው እንስጣት። እኛ መቆሚያ አጥተን እሷ ተንሰራፍታለች» አለኝ።

እኔ በዚያን ጊዜ ማስክ እሰፋ ነበር። ነጋዴው የመጋዘኑን ቁርጥራጭ ጨርቅ ይሰጠኛል፤ ሱቁ እንደገና ሲከፈት ልጄ የሰፋሁትን ይወስድ ጀመር። የካትሌሆንግ ሴቶች «ጎጎ» ይሉኛል፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። «የጎጎ ማስክ አለ?» ብለው የሚጠይቁ ነበሩ። መኪናዋን ስጪ ማለት ቁጭ ብለሽ ተጦሪ ማለት ነው። ለመጦር ገና አልተስማማሁም።

«ቦታ ካገኘሁላትስ?» አልኩት። «የማንንም ድርሻ ሳልነካ?»

«ካገኘሽማ ትቀመጥ!» አለኝ እየሳቀ። የሳቀው ከየት ታገኛለች ብሎ ነው።

ከመጋዘኑ መጋዝና መሰርሰሪያ ተዋስኩ። መጀመሪያ ያን ታንከር ብሎኑን ፈትቼ ጎትቼ አወጣሁት። ኮምፔርሳቶውን ከመሃል ለሁለት ቆረጥኩና በየጎኑ ማጠፊያ ገጠምኩለት፤ ከዚያ ወዲያ የፍራሹን ግማሽ አጠፍ አድርጎ አንዱን ክዳን ብቻ ማንሳት ይቻላል። ማንሻ የሚሆን ማሰሪያ ከአሮጌ ቀበቶ ሰፋሁ፤ ክዳኑ ተመልሶ እጅ እንዳይመታ በመጥረጊያ እንጨት ደገፍኩት። ፍራሹ እንዲተነፍስ ሳንቃውን በሳሳሁት። ወለሉ ላይ ቀጫጭን እንጨት ረብርቤ ምንም ነገር ቆርቆሮውን እንዳይነካ አደረግሁ። የዛገችውን የደጅ በር ዘይት አጠጥቼ አፍታታኋት፤ ለማናፈሻ ትሆናለች ብዬ ነው። የዳቦ ሳጥኖችን ቆራርጬ መሳቢያ ሠራሁ።

ከዚያ አካፈልኩ። በጎማው ጉብታ ወዲህ ያለው ለባልና ለሚስቱ ልብስ፣ ጉብታው ላይ ያለው ጠባብ መደርደሪያ ለልጅቷ ደብተርና መጫወቻ፣ በጉብታው ወዲያ ያለው ለመኪናዬና ለጨርቄ። ማንም አልተበለጠም። ልጄ ክዳኑን እያነሳና እየመለሰ፣ «እማ፣ አንቺ እኮ አናጢ ነሽ!» አለ። ምራቴ ልብሷን አሽትታ፣ «ሻጋታው ጠፋ!» አለች። ያን ወቅት በሰላም አሳለፍነው።

በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከሰዓት በኋላ የሚወርድበት ወራት መጣ። አንድ ማለዳ ልጄ ሱቁ ሲደርስ ተሰብሮ ተራቁቶ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዕቃ እዚያ ማሳደር ፈራ፤ ዕቃውን እኛ ዘንድ እያስቀመጠ በየቀኑ የሚሸጠውን ያህል ብቻ መውሰድ ጀመረ። ፍርሃቱን አልንቅም፤ የእኔም ፍርሃት ነበር።

በዚያው ሰሞን ከልጅ ልጄ ጋር ጨርቅ ልናመጣ ወደ መጋዘኑ ገብተን ዝናቡ ያዘን። ሲያባራ ስንመለስ ካራቫኑ ወደ አልጋዬ በኩል ዘሟል። ክዳኑን አነሳሁ። ዘይት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ስኳር፣ እስከ አፉ። መኪናዬን ፈለግሁ፤ ካራቫኑ ሥር፣ በጎማው አጠገብ፣ ፌስታል ለብሳ ተቀምጣለች። ፌስታሉን በረዶው በስቶታል። ሳዘነብላት ከሆዷ ውሃ ፈሰሰ።

ማታ ስንበላ ጠየቅሁ፤ «በማን ፈቃድ ከፈታችሁት?»

«እማ፣ ዕቃው እኮ የሁላችን ነው» አለ ልጄ።

«የማን ነው አላልኩም። በማን ፈቃድ ነው ያልኩት።»

«የት ላድርገው ታዲያ? ሜዳ ላይ?»

«ጥያቄ በጥያቄ አትመልስልኝ።»

ምራቴ ሳህኑን ሰብስባ ወጣች።

መኪናዋን ፈታትቼ በፀሐይ አደረቅኋት፤ ቀብቼም መልሼ ገጠምኳት። መርፌዋ ዝጎ ነበር፣ ለወጥኩት፤ ሠራች። ልጄም ይህን አይቶ፣ «ይኸው ሠራች አይደል? አለቀ!» አለኝ። ለእሱ ነገሩ መኪናዋ ነበረች። ለእኔ መኪናዋ ብቻ አልነበረችም። እናቴ ቤት የቅቤዋ ዕቃ በአልጋዋ ራስጌ ነበር የሚቀመጠው። ቅቤ የሴት ነው። ላሟን የገዛው አባቴ፣ ሣሩንም የሚያጭደው አባቴ፣ ቅቤውን ግን ሳይጠይቅ አይነካም ነበር። ለቁስሉ እንኳ ሲፈልግ በር ላይ ቆሞ «ትሰጪኛለሽ?» ይላል። አባቴ ማንንም የሚፈራ ሰው አልነበረም፤ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ልጄ ያንን ቤት ያውቀዋል፤ እግር የተከለው እዚያ ነው።

በየማለዳው ጠየቅሁ። «በማን ፈቃድ?» ቡናውን ሳቀብለው፣ ጫማውን ሲያስር፣ ልክ እንደ ሰላምታ። ሲሰለቸው ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነገረብኝ። መሰባሰብ ስለተከለከለ ሽምግልናው በስልክ ሆነ። ልጄ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ አልጋዬ ላይ አስቀመጠው፤ ሁላችንም ስልኩን ከበን ተቀመጥን፤ ምራቴ ሳጥኗ ላይ።

«እናታችን፣ ጌታ ይባርክሽ» አለ ሽማግሌው። «ጊዜው ክፉ ነው። ሁሉም የሚሆነው በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው።»

«አሜን፤ ግን አልጋዬን የከፈተው እሱ አይደለም፣ ወንድሜ» አልኩት። «ልጄ ነው።»

የልጅ ልጄ ሳቀች። እናቷ ቆነጠጠቻት።

«እናት አይደለሽ? ይቅር በይው እንጂ» አለ ሽማግሌው።

«‹በድያለሁ› ይበለኝና ይቅር እላለሁ። ያላመነውን ከየት አምጥቼ ይቅር ልበለው?»

ሽማግሌው ሳል ሳል አለ። ኔትወርኩ አስቸገረን ብሎ በጸሎት ዘጋ። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

በማግስቱ ባልና ሚስት ሱቅ እንደሄዱ ክዳኔን አነሳሁ። ካርቶኖቹን ገፋ ገፋ አደረግሁና በየማለዳው ዕቃ በሚያወጡባት የደጅ በር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ጥሩ የብረት መቀርቀሪያ ገጠምኩ። አንዲት ዘይት አላወጣሁም፤ አንዲት ስኳር አልነካሁም። ቀረቀርኩ፣ ክዳኑን መለስኩ፣ ፍራሹን ዘረጋሁ።

በሚቀጥለው ማለዳ ዕቃ የሚጭንለት ባኪ መጣ፤ ፒክአፕን እዚህ ባኪ ይሉታል። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ማስክ እሰፋለሁ። ከደጅ በሩን ሲጎትቱ ሰማሁ። እንደገና ጎተቱ።

«ይሄ በር ተበላሽቷል» አለ ልጄ።

«አልተበላሸም» አልኩ ከውስጥ። «ተቆልፏል።»

«ማን ቆለፈው?»

«ባለቤቱ።»

ሾፌሩ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ቋንቋችንን ባይሰማም ነገሩ ገባው። «ሳውቦና ጎጎ!» ብሎ ሰላም አለኝና ሳቁን ለቀቀው። ልጄ ጎንበስ ብሎ ገባ። ምራቴ ከኋላው ደጃፉ ላይ ቆመች።

«እማ፣ መኪና እየጠበቀን ነው።»

«ይጠብቅ። እኔም ስጠብቅ ሰነበትኩ።»

«ደንበኛ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄድብኛል እኮ!»

«ዘይቱ የአንተ ነው፤ አልከለከልኩህም። ያረፈበት የእኔ ነው። ስሠራው አይተሃል፤ ‹ካገኘሽ ትቀመጥ› ያልከኝ በዚህ አፍህ ነው። ብትጠይቀኝ ግማሹን እሰጥህ ነበር። ለመኪናዬም ደረቅ ቦታ አብረን እንፈልግ ነበር።»

ከደጃፉ ምራቴ ተናገረች፤ «እማማ፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በውስጥ ብመጣ አልጋዎን መንካት ሆነብኝ። አልጋዎን ላለመድፈር ብዬ ነው በደጁ በር ያስገባሁት።»

ለካ እሷ እያከበረችኝ ነበር! ፍራሼን ላለመንካት ዞራ በጎን ገብታ ከሥሬ አራቆተችኝ።

«አንቺ ልጅ» አልኳት፣ «እላዬ አትቀመጪም፣ ከሥሬ ግን ጠርገሽ ታወጫለሽ?»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ እማማ… አላሰብኩትም» አለች። እውነቷን ነው፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ለእሷ ወዲያው አለፍኩላት። ግን በራሷ እንዳልተነሳች አውቃለሁ።

«ማን ላከሽ?»

ባሏን አየች። ባሏ ወለሉን አየ። ደጅ ባኪው ጡሩምባውን ነፋ። ልጄ የበሩን እጀታ ይዞ ቆመ፤ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። አልወጣም። ተመልሶ መጥቶ ምራቴ በምትቀመጥባት ሳጥን ላይ፣ ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

የያዝኩትን ማስክ አስቀመጥኩ። እንደ ወትሮው ጠየቅሁ፤ ድምፄን አላነሳሁም።

«በማን ፈቃድ ከፈታችሁት?»

«በማንም ፈቃድ አይደለም፣ እማ» አለኝ።