የሚያብለጨልጨው ጀርባ

ሰፈሩ «ማበጠሪያ» ይላታል። ፀጉሯን አሳምራ ስለምታበጥር እንዳይመስላችሁ፤ የሷን ፀጉርስ ማበጠሪያም ይፈራዋል። ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የአሉሚኒየም የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ስትወለውል ኖራለች፤ ባንድ ወገን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በጥርስ፣ በሌላው ጠፍጣፋ ጀርባ። ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ሲሠራ ግን አንድም ቀን አይታው አታውቅም።

የፋብሪካው መጭመቂያ ላይ የሚሠሩት፣ ሰው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። አሉሚኒየሙን እስኪለሰልስ ያግሉትና በቅርጽ ማውጫው ቀዳዳ ይገፉታል፤ በወዲያኛው በኩል ጥርሳም ሆኖ እየተሳበ ይወጣል። ከዚያ ተወጥሮ ይቃናል፣ ይቆረጣል፣ ጀርባው እንዲወለወል እሷ ዘንድ ይመጣል። ባለፈው ወር አለቃው «ይሄማ መስታወት ነው!» ብሎ ቢያሞግሳት ባሰባትና የግቢው ሴት ሁሉ ሻሽ የሚያስተካክልበት አደረገችው።

ሰኞ ዕለት ለደንበኞች ከተላከው ማቀዝቀዣ ሦስት መቶው ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ይግላል አሉ። አለቃው ሳያጣራ ጋሼ ላይ ፈረደ፦ «አርጅተዋል፤ ሥራዎ እስከ ዓርብ ነው።»

ማበጠሪያን ነገሩ ከነከናት። ከተመለሱት አንዱን፣ ካልተወለወሉት ደግሞ አንዱን ቦርሳዋ ውስጥ ሸጉጣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ወንድሟ ሱቅ ገባች።

«እስቲ ይሄ ምን እንደሚሠራ አሳየኝ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሠርተሽው?»

«አንተስ አርባ ዓመት ጭንቅላት ተሸክመህ የለ? ሥራውን አወቅከው?»

እየሳቀ አንዱን ኮምፒውተር ከፈተላት። «ይቺ ትንሽ ካሬ ትግላለች። ጀርባው ልክክ ካለባት ሙቀቷን ወደ ጥርሶቹ ይስብላታል፤ ነፋሱ ይወስደዋል። በመሃል ክፍተት ካለ ግን ጉድ ፈላ።»

«ማብለጭለጩስ?»

«ምን ሊሠራላት? ዓይን የላት!»

ማበጠሪያ የከንፈር ቀለሟን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በስሱ ቀባችና የተመለሰውን አሸት አደረገችበት። ገልበጥ ስታደርገው ዳር ዳሩ ቀልቷል፤ መሃሉ ንጹሕ ነው። ጎድጉዷል! ያልተወለወለውን ሞከረች፤ እሱ ሙሉውን ቀላ። ደንበኛ መጀመሪያ የሚያየው መሃሉን ነው ብላ መወልወያው ላይ ስትጫነው የከረመችው ራሷ ናት።

«ካልተናገርሽ ማን ያውቃል?» አላት ወንድሟ።

«እኔ ነኛ! እኔ ደግሞ ምስጢር ይዤ አላውቅም።»

በማግሥቱ አለቃው ፊት ሁለቱንም ቀለም አስነክታ አሳየችው። «ጋሼ አይደሉም፤ እኔ ነኝ።» የጋሼ ቦታ ጸና፤ እሷ ሦስት መቶውን በእጇ እንድታስተካክል ተፈረደባት።

ጋሼ ጠፍጣፋ ብረት ላይ የብርጭቆ ወረቀት ዘረጉላት። ሁለቱን አሽታ ስትጨርስ፣ «ስንት ቀረሽ?»

«ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት።»

«ለሳምንት ወሬ ይበቃናል» አሉና በርጩማቸውን ሳብ አድርገው አንዱን አነሱ።