ኪራኮስ ክኒኑን ያቆመበት ሳምንት

ኪራኮስ ሰው ማስቸገር አይወድም። ሰንሪጅ ባለው የገበያ አዳራሽ ዐሥራ አራት ዓመት በጽዳት ሲሠራ፣ መኪናው በብርድ አልነሳ ያለች ቀን እንኳ ለማንም ሳይደውል፣ ጢሙ ላይ በረዶ ተጋግሮ፣ ስካይቪው ራንች እስካለው ቤቱ ድረስ በእግሩ መጥቷል። ባለፈው ኅዳር ደረቱን ሲጨምቀውም ባለቤቱ ፀሐይወርቅ ከሺፍት ገብታ ተኝታ ነበርና አልቀሰቀሳትም። ራሱ ነድቶ፣ ፓርኪንጉን ከፍሎ ነው ኢመርጀንሲው በር ላይ የወደቀው።

የተዘጋውን የልቡን የደም ሥር ስቴንት በሚሉት ቀጭን የሽቦ ቱቦ ከፈቱለት። ደም እዚያ ላይ እንዳይረጋበትም ክኒን አዘዙለት። «ለአንድ ዓመት አንድም ቀን እንዳታቋርጥ» አሉት፤ ልጃቸው ናሆሚም በተሰባበረ አማርኛዋ ደገመችለት። ፀሐይወርቅ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የሰው አባት ክኒኑን እስኪውጥ ፊቱ ቆማ ትጠብቃለች። የገዛ ባሏን ግን «አፍህን ክፈት፣ ልይ» ማለት አፈረች።

ክኒኑን ከጀመረ ወዲህ ጥርሱን ሲቦርሽ ድዱ፣ ሲያስነጥስ አፍንጫው ይደማል። በዚህ መሀል የመቁረቢያቸው ቀን ደረሰ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሰማንያ ኖረው፣ ንስሐ ገብተው፣ አብረው ሊቆርቡ ነው።

«ደም የሚፈሰው ሰው አይቆርብም» አለ አንድ ጠዋት፣ አፍንጫውን በሶፍት ይዞ።

«ቀሲስ ፍስሐን ጠይቃቸዋ።»

«በአፍንጫዬ ቄስ ላስቸግር?»

«እኔ ልደውል?»

«ተይ እባክሽ! ምን ልትያቸው ነው? ባሌ ንፍጡ ቀላ?»

ሳቀች። ያን ጊዜ መሳቋ ዛሬም ይቆጠቁጣታል።

ከቀናት በኋላ ደሙ ቆመ። ሰውነቱ መድኃኒቱን ለምዶት ነው ብላ ደስ አላት። እሑድ ቆረቡ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ኪራኮስ ፊቱ እንደ ሙሽራ አብርቶ፣ በሰው ፊት እጇን ያዘ፤ አድርጎት አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ካልሲውን ሲያጠልቅ ተዘረረ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ስቴንቱ በረጋ ደም መደፈኑን ለእናትና ልጅ ነገረቻቸው። «መድኃኒቱን አቁሞ ነበር?» ስትላት ፀሐይወርቅ «በጭራሽ!» አለች። ናሆሚ ግን የክኒኑን ዕቃ ከቤት ይዛ መጥታ ነበር።

«ማሚ፣ ሊስን። ካውንት አደረግኩት። ዘጠኝ ተርፏል። ያልዋጠው የዘጠኝ ቀን።»

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምናልባት መሞት ፈልጎ ይሆን?»

«መሞት?» ፀሐይወርቅ ወደ ልጇ ዞረች። «ንገሪያት እንጂ! ቁርባን እንደሆነ፣ የሚደማ ሰው እንደማይቆርብ ንገሪያት! እንደዚያ እሑድ ደስ ብሎት አያውቅም በያት!»

ናሆሚ ጀመረች፣ ቃል አጣች፣ እንደገና ጀመረች። ሐኪሟ አንገቷን እየነቀነቀች በትዕግሥት ሰማች። የገባት ግን አይመስልም።

ከሰዓት ቀሲስ ፍስሐ መጡ። ኪራኮስ ማሽን እየተነፈሰለት ተኝቷል፤ ከልቡ ጡንቻ ገሚሱ ሞቷል ተብሏል። ፀሐይወርቅ ሁሉንም ነገረቻቸው። መስቀላቸውን እንደያዙ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

«ምነው ቢጠይቀኝ ልጄ! ክኒንህን ዋጥ፣ ደሙ ሲቆምልህ ትቆርባለህ፣ ምን አጣደፈህ እለው ነበር። የሁለት ደቂቃ ስልክ እኮ ነው!»

ፀሐይወርቅ ጉልበታቸውን ያዘች። «አባቴ፣ ይችን እንዳይነግሩት። ሲነቃ ይችን ነገር አይንገሩብኝ።»

ቀሲስ ፍስሐ የተኛውን ሰው አዩ፣ እሷን አዩ።

«ይንቃ ብቻ» አሉ። «ብቻ ይንቃ።»