የአያልነህ ቦይ

የበደለኝ መምህር ጌትነት ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመጠጥ ውሃና የጎርፍ ማስወገጃ መስመር ንድፍ ያስተምራል አሉ። ክረምት ሊገባ ሲል ተማሪዎቹን ለልምምድ ጣና ዳር ወዳለው ሰፈራችን ይዞ መጣና፣ ግቢዬን የሚያቋርጠውን ቦይ በጫማው ጫፍ እያሳየ፣ «ይህ ያለ ልኬት የተጫረ ነው፤ በንድፋችሁ ላይ ድፈኑት» አላቸው።

ቦዩን የቆፈረው ባሌ አያልነህ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና። ሲቆፍር መጀመሪያ ገንቦ ውሃ ያፈስና ውሃው የሄደበትን በባዶ እግሩ ይከተላል፤ እኔ ከኋላው ችካል እተክላለሁ። እሱ ካረፈ ወዲህ ቦዩ ዓይኔ እያየ በደለል ተሞላ። ዶማውን ለማንሳት አንጀቴ እንቢ አለኝ።

«የአንተስ መስመር በየት ያልፋል?» አልሁት።

«በዚህ በኩል፣ እማማ። በመሣሪያ የተለካ ነው።»

አንድ ባልዲ ውሃ አምጥቼ እዚያው ደፋሁት። ውሃው ትንሽ አመነታና ዞሮ ጫማው ውስጥ ገባ። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን በደብተር ሸፈኑ።

«መሣሪያህንም ትምህርት ቤት አስገባው!» አልሁት።

ይቆጣል ስል ጫማውን አወለቀ። በባዶ እግሩ ደለሉን እየረገጠ ቦዩን እስከ ሐይቁ ተከተለው። ከኋላው ሳየው አያልነህ መስሎኝ፣ እጄ ችካል ፍለጋ ተዘርግቶ ነበር። ተመልሶ መጣና አንገቱን ደፍቶ፣ «ይህን የሠሩት ሰው የት አሉ? ለተማሪዎቼ እሳቸው ቢያስረዱልኝ» አለኝ።



በማግስቱ ጠዋት የአያልነህን ዶማ አወረድሁና፣ ጫማዬን አውልቄ ቦዩ ውስጥ ገባሁ።