«ባዶ ቦታ ፈልጉ»

ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር የሚያስተምረው ፈቃደ ክፉ ሰው አይደለም። አፉ ግን ይቀድመዋል፤ ተማሪ ሲሳሳት ቀልድ ካልጨመረበት ያስተማረ አይመስለውም።

የሚወደው ትምህርት ከርነል ነው፤ የኮምፒውተሩን ሜሞሪ ለሌሎቹ የሚያድለው ዋናው ፕሮግራም። አንድ ፕሮግራም ቦታ ሲጠይቅ ከርነሉ ከአድራሻዎቹ መሃል ማንም ያልያዘው፣ የሚበቃ ክልል ይፈልግና ከእውነተኛው ሜሞሪ ጋር ያገናኝለታል። ፈቃደ ተማሪዎቹ ይህንኑ ራሳቸው እንዲጽፉት ያዛል። እንግሊዝኛው እንዳይከብዳቸው ብሎም ሁልጊዜ «ባዶ ቦታ ፈልጉ» ይላቸው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቡታጅራዋ ናጃህ የጻፈችው ፕሮግራም በክፍሉ ፊት ቀጥ ብሎ ቀረ። የሌላ ፕሮግራም ክልል ውስጥ ገብታ ነበር።

«ሰው ቤት ገብተሽ ጓዝሽን ታራግፊያለሽ እንዴ? ኧረ ይሄ ነገር ላንቺ አልተፈጠረም!» አላት።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ናጃህ ሂጃቧን አስተካክላ ቁጭ አለች፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር አልተመለሰችም።

ዘንድሮ ነብዩ የሚባል ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ተይዞ ገና ሜሞሪ ያልተሰጠው ክልልስ? እሱም እኮ ባዶ ነው። ተሳፋሪው ውሃ ሊገዛ ሲወርድ የተወው የአውቶቡስ ወንበር በለው።»

ፈቃደ ሊመልስ ሲል ናጃህ ትዝ አለችው። ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ባዶ ፈልጊ አላት፣ ባዶውን አገኘች። «ያልተያዘ» ቢላት ኖሮ ባልሳተች። ምነው ምላሴን በቆረጠው አለ።

ቅዳሜ ቡታጅራ ወረደ። ናጃህ በእናቷ ሱቅ ጨርቅ ትሸጣለች። ስታየው ደስ ብሏት ተነሳች፣ ዱካ አቀረበችለት። ነገሩን ሁሉ ነገራት፤ ስለ ቃሉ፣ ጥፋቱ የእሱ ስለመሆኑ። ኮሌጅ እንድትመለስም ለመናት።

«እኔስ አልሃምዱሊላህ፣ ሱቁ ደህና ነው» አለች፤ ጨርቁን እያጣጠፈች። «የሚቆጨኝ የሩፋይዳ ነው እንጂ።»

«ሩፋይዳ ማን ናት?»

«ታናሽ እህቴ። ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት ደርሷት ነበር። ሌት ተቀን የምታወራው ስለ እሱ ነበር።» ቀና ብላ አየችው። «ለእኛ አልተፈጠረም ብዬ ትምህርቱን ያስቀየርኳት እኔ ነኝ ቲቸር። እያለቀሰች ነው ወደ ሌላው የሄደችው።»