ቀጥቃጩ ገደፋው የሠራው የጭስ መውጫ

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። የጭስ መውጫ ማርሚታው የተቀደደ መኪና ዝናብ መጣ ብሎ መስኮት ዘግቶ ሰው ሲጭን ካየሁ ዛሬም ሹፌሩን ሳልሰድብ አላልፍም። ሰዎች «ሽማግሌው ነገር ይወዳል» ይላሉ። ይበሉ። ገደፋውን ስለማያውቁት ነው።

ገደፋው በጣልያን ጊዜ ቡሬ ከተማ ዳር የሚኖር ቀጥቃጭ ነበር። አገሩ ሁሉ ማረሻና ማጭድ ከእጁ ይወስዳል፤ ከቤቱ ግን ውሃ አይጠጣም። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ብለው ያምናሉ። እሱ በሠራው ማረሻ የበቀለውን እህል ግን ማንም ሲተፋው አልታየም። ገደፋው ሳቂታ ነበር አሉ። «እውነት ቡዳ ነህ?» ብሎ ለጠየቀው «ብሆንማ ከባላባቱ እጀምር ነበር» ይላል። ቡዳ ነኝ የሚል ቃል ግን ለቀልድ እንኳ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ የቡሬውን ምሽግ የሚያዝዝ አንድ ጣልያን ሻምበል አንድ አሮጌ መኪና አገኘ። ጫካ የገባ ባላባት ጥሎት የሄደ ነው። ቀድሞ ተፈታትቶ በሰው ሸክም የመጣ፣ መንገድ ስላልነበረ ከግቢ ወጥቶ የማያውቅ፣ በኋላም ዶሮ ሲያድርበት የኖረ መኪና ነው። ሻምበሉ ፍቅር ያዘው። ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን ካላደረግሁት አለ። መካኒክ ወታደሩ ሞተሩን አስነሳ፤ መቀመጫው ተሰፋ፤ ፋኖሱ ተወለወለ። የቀረው የጭስ መውጫው ብቻ ነበር። ዝገት ጨርሶታል። ከአስመራ እንዳይመጣ ደግሞ አርበኛ መንገዱን ይዟል።

«ገደፋው ይሞክረው» ያለው የእናቴ አባት የሽዋስ ነው። የሽዋስ የሻምበሉ አስተርጓሚ ነበር። ባንዳ ነበር በሉት፤ እኔም እላለሁ።

መካኒኩ መሬት ላይ በከሰል ሣለለት። ቧንቧው ከሞተሩ ተነስቶ በመኪናው ሆድ ሥር ያልፋል፤ መሐል ላይ ድምፁን የሚውጠው ማርሚታ ይገባል፤ ጫፉ ከኋላ ጎማ አልፎ ይወጣል። በመሐል አንድ ቀዳዳ እንዳይኖር። ገደፋው ትርጉሙን አልጠበቀም።

«ገብቶኛል በሉልኝ፣ አያ የሽዋስ። እኔ ወንድሜን በከሰል ነው ያጣሁት። በዝናብ ቀን ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ ተኛ፤ በዚያው ቀረ። ክፉው የማይታየው ጭስ ነው።»

ከበርሜል ቆርቆሮ ቆርጦ፣ በግንድ ላይ ጠቅልሎ፣ በምስማር አያያዘው። ሥራው ያምር ነበር ይላሉ። መጋጠሚያዎቹን ግን እንደ ወናፉ አፍ በጭድ ጭቃ መረጋቸው። ሌላ ምን ያውቃል? የወናፍ አፍ እሳት እየጠበሰው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የወናፍ አፍ ግን ኮረኮንች ላይ አይነዳም። ይህን ገደፋው ራሱ አሰበበት። «ጭቃው ሦስት ቀን ይድረቅ፤ በላዩ የብረት ቀበቶ አስርበታለሁ። አለዚያ ይሰነጠቅና ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሰው ይገድላል» አለ።

የሽዋስ «ሦስት ቀን» የሚለውን ተረጎመ። «ሰው ይገድላል» የሚለውን ተወው። ሻምበሉን ማስቆጣት አልፈለገም። ይህን ስሰማ ያበድኩት ማበድ! አንዲት ቃል እኮ ናት።

ሻምበሉም ነገ ወደ ወጀት እሄዳለሁ አለ። ወጀት የዛሬው ፍኖተ ሰላም ነው። ገደፋው መንገድ ላይ የተበላሸ እንዲጠግን በመኪናው የጎን መርገጫ ላይ ቆሞ እንዲሄድ ታዘዘ። የሽዋስም ለምኖ ልጁን ሲሳይነሽን ከኋላ አስቀመጠ፤ ወጀት ያለች እህቱ እንድታያት ነው። እሱ ራሱ ከአጃቢዎቹ ጋር በካሚዮን ተከተለ። ሲሳይነሽ እናቴ ናት። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

ሲሄዱ ፀሐይ ስለነበር የመኪናው ሸራ ተጠቅልሎ ነበር፤ ምንም አልሆኑም። ሲመለሱ ዝናቡ ወረደ። ሸራው ወረደና ግራ ቀኙ ተቆለፈ። ካሚዮኑ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ሻምበሉ ግን አልጠብቅም ብሎ ቀጠለ። ገደፋው ውጪ መርገጫው ላይ ዝናብ እየወረደበት ቆሟል። ቡሬ ሊደርሱ ሲሉ የቧንቧው ድምፅ ተለወጠበት። ጭቃው ለቋል። ሸራውን ደበደበ፤ ጮኸ። ሻምበሉ «ከዝናብ አስገቡኝ» የሚል መሰለውና በእጁ አባረረው። የሚያስተረጉም የለም፤ አስተርጓሚው ጭቃ ውስጥ ካሚዮን ይገፋል።

ቡሬ ሲደርሱ ሻምበሉና መካኒኩ ራሳቸውን ይዘው እየተንገዳገዱ ወረዱ፤ ከፊት በመስተዋቱ ሥር ንፋስ ስለሚገባ ነው የተረፉት። ተደጋግፈው ወደ ምሽጉ ገቡ። ወደ ኋላ የተመለከተ የለም። ገደፋው ሸራውን ሲፈታ እናቴ ከመቀመጫው ሥር ወድቃለች። ፊቷ ቀልቷል፤ ብትጠራ አትሰማ። አቅፏት ወደ ቤቷ ሮጠ።

ሴት አያቴ ሀብትነሽ ከደጅ ቆማ ያየችው ቀጥቃጭ ልጇን ተሸክሞ ሲመጣ ነው። ጩኸቷን ሰፈር ሰማው። ልጅቷን ነጥቀው አስገቡ፤ በሩን ዘጉ። በቡዳ የተበላ ሰው በምን እንደሚታከም ታውቃላችሁ። እናቴን ጋቢ ከላይዋ ደፉባት፤ በሥሯ ፍም አስቀመጡ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ከገደፋው ልብስ ላይ የቀደዱትን ቁራጭ አጨሱባት። በጭስ የወደቀችውን ልጅ በጭስ! 

ገደፋውን ሁለት ጎረምሶች ደጅ ላይ ይዘውታል። «ኧረ በማርያም! ጭስ ነው የመታት፤ በሩን ክፈቱ፤ ንፋስ ስጧት!» ይላል።

«የበላ ሰው እንዳይለቅ መቼ ሰበብ ያጣል!» አለችው ሀብትነሽ ከውስጥ።

ለመነ፤ ማለ፤ ማንም አልሰማውም። ከዚያ ከውስጥ ሲሰማ የነበረው የልጅቷ ሳል ቀረ። ያን ጊዜ ገደፋው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«በልቻታለሁ!» አለ።

የያዙት ጎረምሶች ለቀውት ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«የበላኋት እኔ ነኝ። ኸጭስ ውስጥ ግን አልለቃትም። ሜዳው ላይ አውጡልኝ። ራሷን ወደ ነፋሱ አዙሩት፤ ኸኔ ሌላ ሰው አይጠጋት። ያን ጊዜ እለቃታለሁ።»

በደቂቃ አወጧት። ዝናቡ አባርቶ ነፋስ ነበር። ገደፋው በጎኗ አስተኛትና በቆዳ ሽርጡ ያራግብላት ጀመር። «ተንፍሽ የኔ እናት፣ ተንፍሽ» ይላታል። ሰዉ ርቆ ቆሞ ያማትባል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አስመለሳት፤ ከዚያ አለቀሰች። በሕይወቴ ላለው ሁሉ መነሻው ያ ለቅሶ ነው፤ እሷ ባትተርፍ እኔ የለሁማ።

የሽዋስ ሲመሽ ደረሰ። ገደፋው ለብቻው ጠርቶ የሆነውን ሁሉ ነገረው። «ዝም ይበሉ አያ የሽዋስ። ቡዳ ካሉኝ ያባርሩኛል። ቧንቧው ነው ካልን ግን ሻምበሉ ሆን ብለህ ነው ብሎ ይሰቅለኛል» አለው። የሽዋስም ዝም አለ። ዝምታው ለራሱም እንደሚበጀው መቼ አጣው።

በሦስተኛው ቀን የገደፋው ቤት ተቃጠለ። እሳቱን ተሸክማ ከፊት የሄደችው ሀብትነሽ ናት፤ ልጇን ያዳነላት ሰው ቤት ላይ የመጀመሪያውን ችቦ የወረወረችው እሷ ናት። የሽዋስ ከሰዉ መሐል ቆሞ አየ። ገደፋው ሚስቱን አቻምየለሽንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወጣ፤ ከዕቃው ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፉን ብቻ ተሸከመ። በየት በኩል እንደሄዱ ያየ የለም።

የሽዋስ ይህን የነገረን ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፣ የሞት አልጋው ላይ ሆኖ ነው። እኔ ያኔ ገና ጀማሪ ሹፌር ነበርኩ፤ «ቧንቧው ነበር» ሲል ወዲያው ገባኝ፤ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሀብትነሽ ግን ከግርጌው እንደተቀመጠች «አዎ በልቻታለሁ ብሎ የለ? በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ» አለች። ደጋግማ አለች። ሦስተኛውን ሳትጨርሰው ድምጿ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ምርኩዟን ይዛ ገበያ ትወጣለች፤ ማረሻ ከሚሸጡት ፊት ቁጢጥ ብላ «ገደፋው የሚባል ታውቃላችሁ?» ትላለች። ቡሬ፣ ወጀት፣ በኋላም በኔ አውቶቡስ ተሳፍራ ፈረስ ቤት ከተማ ድረስ። ቀጥቃጮቹ አንዴ እሷን አይተው፣ አንዴ እርስ በርሳቸው ይተያዩና «አናውቅም፣ እማማ» ይሏታል። አንዳንዶቹ እንደሚያውቁ ከፊታቸው አይቻለሁ። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አልነግራትም ነበር።