የባየሽ በቀቀን ስኳር

ባየሽ መተማ ዮሐንስ ላይ ጠላ ትሸጣለች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም፤ ያላት አንድ በቀቀን ነው። ክንፉ ተሰብሮ ማሽላ ማሳ ዳር ወድቆ አግኝታ፣ በስንጥር አስራ አዳነችው። ስሙንም ውባንተ አለችው። ውባንተ ታዲያ እንደ ባላባት ልጅ ነው የሚኖረው። ማንጎ በደንብ ካልበሰለ አይቀምስም፤ ሰሊጡ ታጥቦ ደርቆ ይቀርብለታል። የባሏን እግር አንድ ቀን ያላጠበች ሴት ለወፍ ሰሊጥ ታጥባለች! ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን ስኳር ነው። ምናለ ሌላ ነገር ቢወድ? በደርግ ዘመን ስኳር!

ስኳር የሚታደለው በቀበሌ ሱቅ፣ በቤተሰብ ቁጥር ነው። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት መዝጋቢው “ስንት ናችሁ?” ቢላት፣ ባየሽ ዓይኗን በጨው ታጥባ “ሁለት፤ እኔና ልጄ ውባንተ” አለች። ዕድሜውን ሲጠይቃት፣ ለሕፃን ግማሽ ስለሚሰጥ “አሥራ ስድስት” አለችው። መዝጋቢው ቀና ብሎም አላያት። በቀቀኑ የሰፊው ሕዝብ አባል ሆኖ፣ በየወሩ ስኳሩን እየቃመ ሁለት ዓመት ኖረ።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሁሉ ከዚያው ከስኳሩ መዝገብ ተለቅመው ወጡ። አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ውባንተ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ደምለው ታጣቂዎች አስከትሎ ደረሰ።

“ጓዲት ባየሽ፣ ልጅሽን አውጪ!”

“ኧረ በሞቴ ጓድ ሊቀመንበር፣ ውባንተ ወፍ ነው!”

ደምለው በሳቅ ፈረሰ። ልጇን ጎተራ ውስጥ የደበቀች እናት አይቷል፤ ወፍ ነው ያለች ግን ይህች የመጀመሪያዋ ናት። አልጋው ተገለበጠ፣ ጋኑ ተፈተሸ፤ ከበቀቀኑ በቀር ነፍስ ያለው አልተገኘም። ያኔ ሳቁ ጠፋ። በየወሩ ከስኳሩ መዝገብ ግርጌ የፈረመው ራሱ ነዋ!

“ለወፍ ስኳር ሳድል ኖርሁ ብዬ ለማን ልናገር?” አለ በሹክሹክታ። “ነገ መኪናው ሲመጣ አሥራ ሁለት ሰው አስረክባለሁ። አንድ ከጎደለ የዚህን ወፍ አንገት ጠምዝዤ፣ አንቺን እስር ቤት እከትሻለሁ።”

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሳሉግ፣ ሰሊጥ ሊያርም ከጎጃም የወረደ ጎረምሳ፣ ጠላ ሊጠጣ ገባ። ከሲታ ነው፤ ጨዋታ ግን ያውቃል። “ለመስቀል እገባለሁ ብያታለሁ፤ እናቴ ይኼኔ መንገድ መንገዱን ማየት ጀምራለች” አላት እየሳቀ። ሁለተኛውን ጣሳ ሳይጨርስ ደምለው ከአንድ የጦር መኮንን ጋር በሩ ላይ ቆመ። ልጁን አየ፤ ከዚያ ባየሽን አየ።

መኮንኑ “ውባንተ ይኼ ነው? ልጅሽ ነው?” አላት።

ጎረምሳው ቀልድ መሰለው። “ኧረ እትዬ፣ ይንገሯቸው እንጂ!”

ባየሽ ወደ በቀቀኑ ጎጆ ዞረች። ለዚያ ወፍ አንጀቷ አይችልም፤ ሩኅሩኅ ናት እኮ!

“አዎ፣ ልጄ ነው” አለች።

እየጮኸ ጭነውት ሄዱ። ጎረቤቱ ሰው ሲታፈስ እንደሚያደርገው በሩን ዘጋ። ስሙን እንኳ አልጠየቀችውም ነበር።

በዓመቱ፣ ማሽላው ሲያሸት፣ ደምለው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ መርዶ አረዳት፤ ልጅሽ ውባንተ ለእናት ሀገሩ ወደቀ ይላል። በቀቀኑ ቆጡ ላይ ሆኖ ሰሊጡን ይፈለቅቃል። ጎረቤት አፉን በነጠላ ሸፍኖ ሳቀ። ባየሽ ግን ፊቷን ነጨች፣ መሬት ላይ ተደፋች፣ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። “ወፉ ሳይሞት ለወፍ ሐዘን ተቀመጠች፤ አበደች” ተባለች። ለማን እንደምታለቅስ ለሰው መናገር አልቻለችም።

ከዚያ ወዲያ ከጎጃም ለሚወርድ ሳሉግ ሁሉ እሷ ቤት ጠላ በነፃ ነው። እየቀዳች “ልጇ ከቆላ ያልተመለሰላት እናት አታውቅም?” ትላለች።

አንዱ ጣሳውን አስቀመጠና ትክ ብሎ አያት። “እትዬ፣ ይልቅስ የተመለሰላትን ቢጠይቁኝ ይሻላል።”