አራት አምፖልና አንድ ምድጃ

በጋምቤላ ቆላ፣ አቦቦ ላይ ሰው በወባ ይሞታል፤ በእባብም ይነደፋል። በብርድ የሞተ ሰው ግን አስማረ ሰምቶ አያውቅም። ከወሎ በሰፈራ ሲመጣ የተሰጠውን ብርድ ልብስ በሳምንቱ አጥፎ ትራስ ያደረገ ሰው ነው። ስለዚህ በሰማንያ ስምንት ክረምት ሲስተር ጥሩነሽ ጠርታው አንዲት ሕፃን ብርድ እየገደላት ነው ስትለው መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ነበር።

አስማረ የጤና ጣቢያው የጄኔሬተር ሠራተኛ ነው። ክልሉ ሲቋቋም ከእርሻ ወደዚህ ሥራ ገባና ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ጋምቤላ ከተማ ተላከ። ሲመለስ የምስክር ወረቀት፣ አንድ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር፣ ደግሞም ለሚስቱ የገዛትን የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞ መጣ። መብራት ለሌለበት ቤት! ሰፈሩ ጉድ አለ። እሱ ግን ክልል ከሆንን መብራቱም መምጣቱ አይቀርም አለና አልጋው ሥር አስቀመጣት። ቴስተሩንም በጨርቅ ጠቅልሎ የዕቃ ሣጥን ውስጥ ከተተው፤ ምክንያቱም ለእሱ ሞተር የሚታወቀው በጆሮ ነው። ዓይኑን በዓይኑ ለማየት አልታደለምና ያንን ሞተር እንደ ልጅ ነበር የሚያዳምጠው።

ሕፃኗ የኦጆት ልጅ ናት። ኦጆት የአካባቢው ተወላጅ፣ የአኙዋ ገበሬ ነው። ሰፋሪዎቹ በመጡበት ዓመት አስማረ በቆሎውን ጎርፍ በሚወስደው ቦታ ሊዘራ ሲል፣ እጁን ይዞ ወደ ከፍታው የመለሰው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ማሳቸው ጎን ለጎን ነው። የኦጆትን ሚስት ወባ ጣላትና በሰባት ወሯ ወለደች። ትኩሳቱ እናትየውን ስላደከማት ልጇን አቅፋ ማሞቅ አልቻለችም፤ ወደ ጋምቤላ እንዳይወስዷቸው ደግሞ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል። ሲስተር የእንጨት ሣጥን አሠራችና አራት ባለ ስልሳ ዋት አምፖል አስገጠመችበት። እፍኝ የማትሞላው ልጅ እዚያ ውስጥ ተኛች።

አስማረን አንጀቱን በላችው። ያን ዕለት ቤቱ ሄዶ ምድጃዋን ከአልጋ ሥር አወጣና አምጥቶ እዚያው ክፍል ሰካት። ውኃ ይፈላባታል፤ ውኃው በጠርሙስ ሆኖ ሕፃኗ አጠገብ ይቀመጣል። ለአንዲት ልጅ አራት አምፖልና አንድ ምድጃ፣ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

ልጅቱ ግን መቀዝቀዟን ቀጠለች። ሙቀቷ ጠዋት ሠላሳ አምስት ዲግሪ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ከዚያም ወረደ። ጠርሙስ ሊቀየር ሣጥኑ በተከፈተ ቁጥር ያለችው ትንሽ ሙቀትም ትወጣለች። አስማረ ሞተሩ ጋ ሄዶ ጆሮውን ጣል አደረገ። አጓርቶ፣ ከበድ አድርጎ ይጎትታል። ተመልሶም ሲስተርን ሞተሩ ደህና እየሠራ ነው፣ ሙቀት ሞልቷል አላት።

«ሞተሩማ ሞቋል፣ ጋሽ አስማረ» አለች ጥሩነሽ። «ያልሞቀችው ልጅቱ ናት።»

ይህቺ ቃል ወጋችው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ነው ነገሩ። የዕቃ ሣጥኑን ከፈተና ቴስተሩን ከጨርቁ ፈታ። ሞተሩ ላይ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት አለ። ግቢውን አቋርጦ ሕፃኗ ክፍል ሲለካው መቶ ስልሳ አራት! ሃምሳ ስድስቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። በሽቦው የሚሄደውን ከረንት ለካ፤ አራት አምፔር ነው። የመድኃኒት ካርቶን ገልብጦ ያን የተረሳ ትምህርት በላብ እያስታወሰ ጻፈ። የጠፋው ቮልት ለአምፔሩ ሲካፈል ሽቦው ከረንቱን የሚያግድበት ልክ፣ ሬዚስታንሱ፣ አሥራ አራት ኦም ሆነ። ቀጭንና ረጅም ሽቦ ነዋ፣ ሌላ ምን ይጠበቃል! ከዚያ አንዱን አምፖል ብቻውን ለካው። መቶ ስልሳ አራት ቮልት ሲባዛ በዜሮ ነጥብ ሃያ ሦስት አምፔር። ብርጭቆው ላይ ስልሳ የተጻፈበት አምፖል የሚሰጠው ሠላሳ ስምንት ዋት እንኳ አይሞላም።

አራቱ አምፖል ተደምሮ የሚስበው አንድ አምፔር አይሞላም። የቀረውን ሦስቱን ማን ወሰደው? እርሳሱን አስቀምጦ ዙሪያውን ቃኘ። መልሱ እግሩ ሥር ውኃ እያፈላ ነበር።

ምድጃዋ ብትነቀል በሽቦው የሚያልፈው አንድ አምፔር ብቻ ነው፤ ሽቦው የሚበላውም አሥራ አራት ቮልት ግድም ይሆናል። ሁለት ጊዜ አሰላው፤ ያው ነው። ቀስ ብሎ ነቅሎ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅበትም። ግን ኦጆት ከሣጥኑ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ዓይኑን ከልጁ ሳይነቅል ተቀምጧል። አስማረ እሱን እያየ መዋሸት አልሆነለትም።

«ሙቀቷን የወሰደባት የኔ ምድጃ ነው» አለ። ገመዱንም ነቀለ።

ደም መስለው የነበሩት አምፖሎች ወዲያው ነጡ። ጥሩነሽ እጇን ሣጥኑ ውስጥ ብትከት ሙቀት ተሰማት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ውኃው ከሰል ላይ ይፈላል ተባለ። አስማረ ግን እዚያ መቆም አፈረ፤ ምድጃዋን ብብቱ ሥር አድርጎ ሞተር ቤቱ ገባና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። የሰው ልጅ በገዛ ስጦታዬ ልገድል ነበር እያለ ራሱን ይበላል።

አመሻሹ ላይ ኦጆት መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። አማርኛው አጭር ነው፤ ቃል አያባክንም።

«አስማረ፣ ያለህን ሰጠህ። አየሁ» አለው። «ስህተትህንም አልደበቅክም። እሱንም አየሁ።»

ሞተሩ በለሆሳስ ይሠራል፤ ሸክሙ እንደቀለለለት ያስታውቃል። ድንገት ኦጆት እጁን አነሣ፣ ስማ ለማለት። ከግቢው ወዲያ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ፣ እስካሁን ስታቃስት እንጂ ስትጮህ ያልተሰማች ልጅ ታለቅሳለች። ቀጠለች፤ ተቆጣች፤ ጡት ፈልጋለች።

አስማረ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሩን በገዛ ፈቃዱ ማዳመጥ ተወና ጆሮውን ወደዚያ አዞረ። ሁለቱ ሰዎች ሕፃኗ ጡት አግኝታ ለቅሶዋ እስኪያበቃ ድረስ ከድንጋዩ አልተነሡም።